የልጅቷ ሰውነት የማን ነው?

መተማ ዮሐንስ ገበያ ውስጥ የምታልፍ አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በአንድ ቀን ውስጥ እርስ በርሱ የማይስማማ ፍርድ ሊሰጥባት ይችላል። ከደጋ የወረዱ አንዲት አሮጊት «ምነው እንዲህ ከሳች፣ እናቷ አታበላትም እንዴ?» ይላሉ። የፊት ቅባት የምትሸጠው ነጋዴ ትክ ብላ አይታት «ትንሽ ቀላ ብትል እኮ ማን ይስተካከላት ነበር» ትላለች። በስልክ የምታያቸው ሴቶች ወገባቸው ቀጭን፣ ዳሌያቸው ሰፊ፣ ፊታቸው አንዲት ነጥብ የሌለበት ነው። ማታ አባቷ ከእንግዳ ጋር ሲጫወቱ «ደርሳለች እኮ» የሚል ቃል ጆሮዋ ጥልቅ ይላል። ከሳች፣ ጠቆረች፣ ደርሳለች፤ ሁሉም ስለ እሷ ነው፤ እሷን ግን የጠየቀ የለም።

ስለ ሴት ልጆችና ስለ መልክ ሲነሳ የተለመደው ምክር «ቆንጆ ነሽ በሏት» የሚል ነው። ምክሩ ክፋት የለውም፤ ግን ችግሩን ከጫፉ ብቻ ነው የሚይዘው። «ቆንጆ ነሽ» ማለትም ያው ፍርድ ነው፤ ዛሬ የተሰጠ ማዕረግ ነገ ብጉር ሲወጣ ይነጠቃል። በምዕራብ ጎንደር ቆላ አንዲት ልጅ ከሰውነቷ ጋር መጣላት የምትጀምረው መልኳን በመስታወት ከማየቷ በፊት ይመስለኛል፤ ሰውነቷ የቤተሰብ፣ የገበያና የጋብቻ ጉዳይ ሆኖ፣ ከእሷ በቀር ሁሉም አስተያየት የሚሰጥበት ነገር በሚሆንበት ጊዜ። ስለዚህ ልጅቷን ከማሞገስ በፊት ሰውነቷን ለራሷ መመለስ ይቀድማል። ይህን ለማለት የሚያስደፍረው ማስረጃ ቅንጦት ከሚመስለው ከውበት ወሬ ይጀምርና መጨረሻው ዕድሜ፣ ምግብና ሕግ ላይ ይደርሳል።

የውበት መስፈርት አንድ ቦታ የማይረጋ መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጎንደርና የአካባቢው አያቶች አንገታቸው ላይ ያለው ንቅሳት፣ ድዳቸው ላይ ያለው ጥቁር ሰማያዊ ቀለም፣ በዘመናቸው የወግና የቁንጅና ማረጋገጫ ነበር። ሕመሙ የዋዛ አልነበረም፤ እየደማ በመርፌ የሚወጋ ነገር ነው። ዛሬ የእነዚያው አያቶች የልጅ ልጆች ንቅሳትን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው ያዩታል፤ አቅም ያላት በጨረር ታስጠፋዋለች። ከድንበሩ ማዶም ያው ነው፤ በሰሜንና በመካከለኛው ሱዳን በሴቶች ጉንጭ ላይ ይበጣ የነበረው ‹ሹሉኽ› የተባለው ጠባሳ የተዘፈነለት ውበት ነበር፤ አሁን ግን ከአሮጊቶቹ በቀር የሚታይበት ሰው ጥቂት ነው። ፍንጭት ጥርስ እኛ ዘንድ ያስመሰግናል፤ በሌላ አገር ወላጆች ያንኑ ክፍተት ለማስዘጋት የልጃቸውን ጥርስ በሽቦ ያሳስራሉ። በሦስት ትውልድ ውስጥ እንዲህ የሚገለባበጥ መስፈርት የልጅን ክብር የሚያስሩበት ካስማ ሊሆን አይችልም።

ክብደት ደግሞ በቆላው የራሱ ታሪክ አለው። መተማና ሁመራ በወባና በካላዛር የታወቁ ናቸው፤ ካላዛር በተለይ ሰውን መጥምጦ ያከሳል። ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ መንምኖ መመለስ በተለመደበት አገር «ምነው ከሳሽ?» ማለት መጀመሪያውኑ የጤና ጥያቄ ነበር፤ «ተስማምቶሻል» ማለትም ምርቃት። ኤችአይቪ ብዙ ሰው በጨረሰባቸው ዓመታት ቅጥነት ሐሜት ያስከትል ስለነበር ወፈር ማለት እፎይታም ነበር። አሁን በዚያው ቤት ውስጥ እናት «ወፈር በይ» ስትል ስልኩ «ቅጠኚ» ይላል። የጥንቱ ሰላምታ በቅን ልብ የተሰነዘረ ቢሆንም፣ አዲሱ ትውልድ ዘንድ ሲደርስ ነቀፌታ ሆኖ ይሰማል። እናትና ልጅ በአንድ ቃል ሁለት የተለያየ ነገር እየሰሙ የሚጣሉት እዚህ ላይ ነው።

ስክሪን ይህን ያህል ጉልበት አለው ወይ የሚል ሰው ፊጂን ይመልከት። በዚያች የፓስፊክ ደሴት አገር ጠንከርና ደልደል ያለ ሰውነት የተከበረ፣ ልጅን ደግሞ «ብዪ፣ ብዪ» ማለት የፍቅር መግለጫ ነበር። ናድሮጋ በተባለው አካባቢ ቴሌቪዥን የገባው በፈረንጆች 1995 ነው። አን ቤከር የተባሉ የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት ቴሌቪዥኑ በገባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥና ከሦስት ዓመት በኋላ በ1998 የሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎችን ጠየቁ። ለአመጋገብ መዛባት የሚያሰጋ ውጤት ያሳዩት ከ12.7 በመቶ ወደ 29.2 በመቶ ደረሱ፤ ክብደት ለመቀነስ ብለው በፈቃዳቸው የሚያስመልሱት ደግሞ ከምንም ተነስተው 11.3 በመቶ ሆኑ። የተጠየቁት በየዙሩ 65 ገደማ ልጆች ብቻ ስለሆኑ፣ በሁለቱም ጊዜ የተጠየቁትም ያው ልጆች ስላልነበሩ ቁጥሩን ከሚገባው በላይ መለጠጥ አይገባም። የሚገርመው ግን ልጆቹ የሰጡት ምክንያት ነው። ብዙዎቹ የመቅጠን ፍላጎታቸውን ያያያዙት በቴሌቪዥን እንዳዩዋቸው ሴቶች ሥራ ከማግኘትና ኑሮን ከማሻሻል ጋር ነበር። ሰውነታቸውን የሚያስተካክሉት የተሻለ ሕይወት ለመግዣ ነው ማለት ነው። መተማ ላይ ይህን አስተሳሰብ ለመረዳት ቴሌቪዥን እንኳ አያስፈልግም፤ በጥሎሽም ሆነ በጉሙዝ ማኅበረሰብ በቆየው፣ ሴት በሴት በሚለወጥበት የልውጥ ጋብቻ ሴት ልጅ በሌላ ነገር የምትለካበት ሥርዓት ከስልኩ በፊት የነበረ ነው።

ከክብደት ይልቅ የከረረው ግን የቀለም ነገር ነው። በመተማና በቋራ ጉሙዞች ከአማራውና ከቅማንቱ ጋር ጎን ለጎን ይኖራሉ። ጉሙዞች ለብዙ ዘመን በባሪያ ንግድ የተጎዱ፣ በቀለማቸው ምክንያት በንቀት ስም ሲጠሩ የኖሩ ሕዝብ ናቸው። እንዲህ ያለ ታሪክ ባለበት አገር «ቀይ ናት፣ ቆንጆ ናት» የሚለው የሰፈር ሙገሳ ንጹሕ ሙገሳ ሊሆን አይችልም። በአንድ የመማሪያ ክፍል አንዷን ልጅ በቅላቷ ስናወድስ፣ አጠገቧ የተቀመጠችው የጉሙዝ ልጅ ስለ ራሷ የምትማረው ትምህርት አለ፤ ሳይነገራት ትማረዋለች። በቤት ውስጥም እህትማማቾችን «ቀዮ» እና «ጥቁሬ» እያሉ መጥራት ለጠሪው ፍቅር ነው፤ ለተጠሪዋ ደግሞ ደረጃ ነው። በዚህ ላይ የቆዳ ማንጫ ቅባት ገበያ አለ። በዓለም ገበያ በድብቅ የሚሸጡ ማንጫዎች ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ኃይለኛ ስቴሮይድ የያዙ ሆነው ተገኝተዋል። ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ስቴሮይድ ቆዳን እያሳሳ ይሄዳል፤ የሳሳ ቆዳ ደግሞ የመተማን ፀሐይ አይችልም። ለማወፈር ተብለው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጡ የስቴሮይድ እንክብሎችም ፊትን የሚያሳብጡት በስብና በውኃ ነው፤ ውለው አድረው ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ፣ አጥንትን ያደክማሉ፣ በሽታ የመከላከል አቅምንም ይቀንሳሉ። ወባና ካላዛር ባለበት ቆላ ይህ የመጨረሻው ብቻውን ልጅን ሊያሳጣ ይችላል።

እስካሁን የተባለው ስለ መልክ ነው። ከዚህ በታች ያለው ግን ከመልክ በፊት የሚመጣ ነው። የብዙ ኢትዮጵያውያት ሰውነት የመጀመሪያ ፍርዱን የሚቀበለው ገና በጨቅላነት ነው። በ2008 ዓ.ም የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው፣ በአማራ ክልል 62 በመቶ ገደማ፣ መገረዛቸውን አሳይቷል፤ ከተገረዙት ውስጥ ግማሽ ያህሉ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 ድርጊቱን ወንጀል አድርጎታል፤ ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ላይ ቁጥሩ ወደ 47 በመቶ መውረዱም ለውጥ እንዳለ ያሳያል። ነገሩን እዚህ ያነሳሁት ግን ከልማድ ዝርዝር ውስጥ ሌላ ልማድ ለመጨመር አይደለም። «የሴት ልጅ ሰውነት እንደ ተፈጠረ አይበቃም፤ ሌላ ሰው ያስተካክለዋል» የሚለው አስተሳሰብ ከማንጫውም ከእንክብሉም በፊት እዚህ ይገኛል።

ቀጥሎ የሚመጣው «ደርሳለች» ነው። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ደግሞ ከዚያ በታች ያለች ልጅ የሚያገባ ሰው እንዲቀጣ ያዛል። ሕጉ የሚጠይቀው ዕድሜ ነው፤ ዕድሜ የሚታወቀው ደግሞ በመዝገብ ነው። በዚያው በ2008 ጥናት ልደታቸው የተመዘገበ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በአገር አቀፍ ደረጃ 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ወረቀት በሌለበት ዳኛው ዓይን ይሆናል። ሽማግሌው የልጅቷን ቁመት ያያል፣ ጎረቤት ጡቷን ያያል፣ ያ በቃ። እንግዲህ አስቡት፤ አንዲት ልጅ በቶሎ በማደጓ ብቻ ከትምህርት ገበታ ልትነሳ፣ ጓደኛዋ ደግሞ ደቃቃ በመሆኗ ልትተርፍ ትችላለች ማለት ነው። ለእንዲህ ዓይነቷ ልጅ ሰውነቷ በእሷ ላይ የሚመሰክር ከሳሽ ነው። ትከሻዋን ሰብራ መሄዷን፣ በዚያ ሙቀት ነጠላ ደራርባ መጠቅለሏን፣ ከኳስ ሜዳ መቅረቷን «ጨዋ ሆነች» ብለን እናደንቃለን። ብዙ ጊዜ ግን ጨዋነት ሳይሆን መደበቅ ነው። በአገሪቱ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት ከ17.1 ዓመት በፊት እንደነበር፣ የወንዶቹ ግን 23.7 እንደሆነ ሲታይ፣ የመድረስ መለኪያው ለሁለቱ ፆታዎች እኩል አለመሆኑ ይገባል። ወንዱ ደርሷል የሚባለው መሬት ወይም ሥራ ሲይዝ ነው፤ ሴቷ ግን በሰውነቷ።

«ጦርነት፣ ስደትና ረሃብ ባለበት ስለ ልጅ ሰውነት ማውራት የጠገበ ሰው ወሬ ነው» የሚል ይኖራል። ተቃውሞው በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ መተማ የስደተኛና የተመላሽ በር ሆናለች፤ ኩመርና አውላላ የስደተኛ መጠለያ ሆነው ከርመዋል፤ በክልሉ ውስጥ ያለው ግጭትም በርካታ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ግን ረሃቡ ራሱ ፆታ አለው። በ2008ቱ ጥናት ከአምስት ሴቶች አንዷ፣ በትክክል 22 በመቶ፣ ከሚገባው በታች ቀጭን ነበረች፤ 24 በመቶ ደም ማነስ ነበረባቸው። ልጃገረድ በፍጥነት በምታድግበትና የወር አበባ በጀመረችበት ዕድሜ ብረት ያለው ምግብ በተለይ ያስፈልጋታል፤ በብዙ ቤት ግን ቀድሞ የሚቀርበው ለአባትና ለእንግዳ ነው፤ ያቀረበችው ልጅ የተረፈውን ትበላለች። የራሷን ረሃብ መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ የለመደች ልጅ ሕመሟንም መጨረሻ ላይ ታስቀምጣለች። የሰውነት ክብር የሚጀመረው ከመሶቡ ዙሪያ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ትምህርት ቤት ሲዘጋና ቤተሰብ ሲፈናቀል ደግሞ «ደርሳለች» የሚለው ቃል ይፈጥናል እንጂ አይዘገይም፤ ችግር ሲበዛ ልጅን መዳር አፍን መቀነሻ ይመስላልና።

ሌላው ተቃውሞ ከወላጅ ልብ የሚወጣ ነው። መተማ የድንበር ከተማ ናት፤ በመኸር ወቅት ከየአቅጣጫው የሚጎርፈው የቀን ሠራተኛ፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ ቡና ቤቱ፣ ኮንትሮባንዱ አለ። እንዲህ ባለ ቦታ ልጅን «አትሩጪ፣ አትሳቂ፣ ተሸፋፈኚ» ማለት ጭካኔ ሳይሆን ጥበቃ ነው ይባላል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ እኔም አልንቀውም። ጥያቄው ኀፍረት በእርግጥ ይጠብቃል ወይ ነው። ስለ ሰውነቷ መናገር ነውር ነው ተብላ ያደገች ልጅ አንድ ሰው ሲነካት የምትናገርበት ቃል የላትም፤ ቃሉን ብታገኝ እንኳ ጥፋቱ የራሷ ይመስላታል። ለዚህ ፍንጭ የሚሆን ቁጥር አለ። በዚያው ጥናት ባል ሚስቱን ቢያንስ በአንድ ምክንያት ቢመታ ተገቢ ነው ያሉ ወንዶች 28 በመቶ ሲሆኑ፣ እንዲህ ያሉ ሴቶች ግን 63 በመቶ ነበሩ፤ ከተጠየቁት ምክንያቶች አንዱ ወጥ ማሳረር ነው። ሴቶቹ ከወንዶቹ በእጥፍ የበለጠ ዱላውን የሚቀበሉት ሰውነታቸው የሌላ ሰው ንብረት እንደሆነ በልጅነታቸው ስለተማሩት ነው ብዬ አምናለሁ። አጥር የሚያስፈልገው ለሚያስቸግረው ሰው ነው፤ ወንድ ልጅን «የሰው ልጅ አትንካ፣ በሰው መልክ አትቀልድ» ብሎ ማሳደግ ሴቷን ከማሸማቀቅ የበለጠ ይጠብቃል።

ባህል ጠፋ የሚለው ስጋት ግን ያን ያህል አያስጨንቀኝም። እንሶስላ መሞቅ፣ ሹሩባ መሠራት፣ ኩል መኳል፣ የወይባ ጢስ መታጠን፣ ከማዶ የመጣ ቶብ መልበስ ደስታ ነው፤ ሴቶች ተሰብስበው የሚጫወቱበት፣ አንዷ የሌላዋን ፀጉር የምትዳብስበት ጊዜ ነው። ልዩነቱ ቀላል ነው፦ ልጅቷ ብትተወው የሚቀርባት ነገር አለ ወይ? ካልቀረባት ጌጥ ነው። ካልተዋበች የምትሰደብ፣ ካልቀላች የማትፈለግ ከሆነ ግን ቅጣት ነው።

ታዲያ ወላጅ ምን ያድርግ? ትልቁ ሥራ የአባት ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ግን አባት ሁልጊዜ ከክፍሉ ውጭ ነው። አባት የልጁን መልክ በእንግዳ ፊት አለማንሳት፣ የተማረችውንና የሠራችውን ማንሳት ይችላል። እናትም በልጇ ፊት ስለ ራሷ ሆድና ስለ ራሷ ጥቁረት እያማረረች ልጇ ሰውነቷን እንድትወድ መጠበቅ አትችልም፤ ልጅ የሚሰማው ምክሩን ሳይሆን ማማረሩን ነው። የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት መንገር፣ ሲመጣም ከሞዴስ ጋር አብሮ ደህና መሆኗን መንገር ያስፈልጋል። ልጅን በመልኳ ሳይሆን በምትሠራው ማየትም አዲስ አይደለም፤ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ለጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ ስታመጣ ይህ አገር የሴት ልጅን እግር በሚሠራው ሥራ አይቶ ያውቃል፤ ልጃገረዶች የሚሮጡበት ሜዳ ያለው ትምህርት ቤት ይህንኑ በየቀኑ ያስተምራል። ቋራን የሚያነሳ ሰውም እቴጌ ምንትዋብን አይረሳም። ትውፊቱ አፄ በካፋ በመልኳ እንደተማረኩ ደጋግሞ ይተርካል፤ ታሪኩ ግን በ1723 ዓ.ም ባሏ ሲሞቱ ከትንሽ ልጇ ጋር ዘውድ ደፍታ ለአሥርት ዓመታት አገር እንደመራች፣ የቁስቋም ቤተ ክርስቲያንን እንዳሠራች ይመዘግባል። ለቋራ ሴት ልጆች የምንነግራቸው ለምን የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ እንደሆነ አይገባኝም።

ቤተሰብ ብቻውን አይችልም የሚባለውም እውነት ነው። በአማራ ክልል ሞሰቦ በተባለ ቀበሌ ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም የተሞከረው ‹ብርሃነ ሔዋን› ልጃገረዶችን በቡድን እያገናኘ፣ ትምህርት እየደገፈ፣ ቤተሰባቸው እስከ መጨረሻው ሳይድራቸው ከቆየ የቤት እንስሳ እየሰጠ ሠርቷል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ላይ ጋብቻው ከአነጻጻሪው ቀበሌ በእጅጉ አነሰ፤ ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ላይ ግን ያገቡት ከአነጻጻሪው ቀበሌ በዝተው ተገኙ፤ ማዘግየት እንጂ ማስቀረት አልሆነም። ይህም ሥራው ቀደም ብሎ መጀመር እንዳለበት ያሳያል።

ከሁሉም የሚቀለውና የሚረሳው ደግሞ ወረቀት ነው። የልደት ምዝገባ ከ2008 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአገሪቱ በሥራ ላይ ነው፤ ሕጉ ልጅ በተወለደች በ90 ቀን ውስጥ እንድትመዘገብ ያዛል። መተማ፣ ቋራ ወይም ምዕራብ አርማጭሆ ያላችሁ ወላጆች፣ ያልተመዘገበች ሴት ልጅ ካለቻችሁ ቀበሌ ሄዳችሁ አስመዝግቧት። ዕድሜዋ የተጻፈ ልጅ «ደርሳለች» ሲባል የልደት ቀኗን ማሳየት ትችላለች።